የተኛው ሲሚንቶ

«እንደ ቅቤ!» አሉ ግራዝማች አበባየሁ፣ አውራ ጣታቸውን በሲሚንቶ ንጣፉ፣ በባዞላው ጥግ ላይ ጫን አድርገው። ጣታቸው ሰተት ብሎ ገባ። «የዛሬ ነው አይደል? እጅህን ይባርከው! ምን ዓይነት ልስላሴ ነው በል!»

ግንበኛው ዳምጤ ጣታቸው የገባበትን ተመለከተ። ባዞላው የዛሬ አልነበረም፤ ከተመታ አራተኛ ቀኑን ይዟል። በአራተኛ ቀኑ ባዞላ እንኳን ለሽማግሌ ጣት ለመዶሻም እጅ አይሰጥም። ይህን ደግሞ ከመቱ እስከ ጎሬ ከዳምጤ አስበልጦ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ዳምጤ አያምንም። ግራዝማች ግን የሚያውቁት ቡና፣ በቅሎና ስብሰባ ነው። ስለዚህ ያ ጉድ የእጅ ጥበብ መሰላቸው።

«አዎን ጌታዬ» አለ ዳምጤ። «የዛሬ ነው።»

ግራዝማች ጣታቸውን መዝዘው በመሐረብ ጠረጉ። ባዞላው ላይ ግን ምልክታቸው ቀረ፤ ክብ፣ ጎድጓዳ፣ በመካከሉም ልጅ ሳሉ ማጭድ የቆረጣቸው ጠባሳ አግድም መስመር ጥሎበት።

«ይደፈናል መቼስ?» አሉ።

«ይደፈናል ጌታዬ። ምን ችግር አለው።»

በበቅሏቸው ተቀምጠው ከግቢው እስኪወጡ ድረስ ዳምጤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሸኛቸው። የበቅሎዋ ጭራ ከአጥሩ ጀርባ ሲሰወር አሸዋው ክምር ላይ ዘጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ተነሣና እየዞረ በጣቱ ይነካ ጀመር። አንዱን ነካ፣ ሁለተኛውን ነካ፣ አሥረኛውን ነካ። በመጀመሪያው ቀን የተመቱት መቶ አርባዎቹ ሁሉ ጣት ይውጣሉ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ቀን ደግሞ ድንጋይ ሆነው ተቀምጠዋል። ያው ሲሚንቶ ነው፣ ያው የሶር አሸዋ ነው፣ ያው ጠጠር፣ ያው እጅ።

«ምነው ጋሼ ዳምጤ?» አለች ባሏ የሞተባት ውሃ ቀጂ ሽብሬ፣ እንስራዋን ከጀርባዋ እያወረደች። «ፊትዎ ሲሚንቶ የተነፋበት መሰለ እኮ።»

«ሥራሽን ሥሪ አንቺ።»

«እየሠራሁ ነው። ለመናገር ደግሞ እጅ አያስፈልገኝም።»

ለወትሮው ቢሆን ይመልስላት ነበር። ዛሬ ግን እየዞረ መንካቱን ቀጠለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመቱ ሕዝብ አዋጥቶ የሠራው አዲሱ አዳራሽ ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ በዘውድ በዓል ዕለት ሊመረቅ ነው፤ ሪባኑን የሚቆርጡት ከጎሬ የሚመጡት ጠቅላይ ገዢው ራሳቸው ናቸው። አዳራሹ አምሯል፤ ቆርቆሮው ከሩቅ ዓይን ይወጋል። ከአውራ ጎዳናው እስከ ደጃፉ ያለው ሠላሳ ሜትር ግን ጭቃ ነው። የመቱ ጭቃ ደግሞ የሰው ጫማ ይይዛል፤ አንዳንዴም አይመልስም። የአዳራሹ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ግራዝማች አበባየሁ፣ ጠቅላይ ገዢው በአንድ እግራቸው ቆመው ጫማቸውን ሲጠብቁ በዓይነ ኅሊናቸው ታያቸውና ዳምጤን አስጠሩት። «ባዞላ አንጥፍልን» አሉት።

ዳምጤ ይህን ሙያ የቀሰመው፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎሬ ከቀረ አንድ ማስትሮ፣ ጣሊያናዊ የግንብ አለቃ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ይለካል፤ በደረቁ ሦስት ጊዜ በአካፋ ይገላበጣል፤ ከዚያ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል። ወርዱም ቁመቱም አርባ ሳንቲም የሆነ የእንጨት ፎርማ በተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባና የተቦካው ቡኬት ይሞላበታል፤ በአጣና ይጠቀጠቃል፤ ላዩ በቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ተቀብቶ ካዞላ በሚሉት የግንበኛ ማንኪያ ይለሰልሳል። ፎርማው ተነሥቶ ለሚቀጥለው ይቀባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ልጅ እንደ ማሳደግ ነው፤ እርጥብ ጆንያና የኮባ ቅጠል አልብሶ ጠዋት ማታ ማጠጣት። ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። መቼም የመቱ ሰው ቡና ማስጣት የለመደ ነውና፣ በዚያ ያለፈ ሁሉ «አይ ሰውዬው፣ እንዲህ ሸፋፍኖት መቼ ሊደርቅለት ነው!» እያለ ጆንያውን ሊገልጥለት ይሞክር ነበር። ዳምጤ ሦስት ሽማግሌና አንድ ቄስ በአካፋ አባርሯል።

ሥራው ሲጀመር ኮሚቴው አንድ ወረቀት አስፈረመው። «ያነጠፍኩት ባዞላ እስከ ምርቃቱ ዕለት ቢሰበር ወይም ቢሰነጠቅ፣ ሲሚንቶውን አጉድዬ ለሌላ እንዳዋልኩ ተቆጥሮ በሕግ እጠየቃለሁ» ይላል። ዳምጤ ስሙን መጻፍ ያውቃል፤ ጻፈም። «ለበለጠ ማረጋገጫ» ተብሎ ግን አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመበት።

ወረቀቱ ብቻውን እንዲህ ባላስፈራው። ያስፈራው ጎረቤቱ ዲንቃ ነው።

ዲንቃ አናጺ ነው፤ የባዞላውን ፎርማዎች የሠራውም እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ራቅ ባለ አንድ ከተማ ለበዓል በሠራው መድረክ ላይ አንዲት የደረጃ ሳንቃ ተሰበረችና አንድ ትልቅ እንግዳ ወደቁ። እንግዳው ምንም አልሆኑም፤ ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ። ዲንቃ ግን ሰባት ወር ታሰረ። በፊት ሠርግ ቤት ሲገባ ሙሽራዋን ሳይቀር በሳቅ የሚያንከተክት ሰው ነበር። ከተፈታ ወዲህ ጠዋት ደህና አደርክ ብትለው የሚመልስልህ ማታ ነው።

የዚያን ቀን ዳምጤ ወደ ቤቱ ሲገባ ዲንቃ ደጁ ላይ ሳንቃ ይልግ ነበር። ቀና ብሎ አየው። ፊቱን አየና መላጊያውን አቆመ።

«ፈርመሃል?» አለው።

«ፈርሜያለሁ።»

«በጣት?»

«በጣት።»

ዲንቃ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሳንቃው ተመለሰ። የዕለት ድርሻውን ተናግሮ ጨርሷል። ዳምጤን ግን እነዚያ ሁለት ቃላት ከሰባት ወር እስር ባላነሰ ሁኔታ ያዙት። በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። የቀረበለትን አልነካም።

«ሴት ይዘህ እንደሆነ ንገረኝና ይውጣልኝ» አለችው ሚስቱ አስካለማርያም።

«በሆነና ሴት ብቻ በሆነ!» አለ ከልቡ።

ያንን ቃል ደግሞ አስካለማርያም እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

እንዳይተካቸው ሲሚንቶ የለም። የመጣው አሥራ ስድስት ከረጢት ነበር፤ ጥቅምት አሥራ አንድ ላይ አለቀ፤ ባዶውን ጆንያ ራሱ ዳምጤ ለግራዝማች አስረክቧል። ተጨማሪ የጫነው መኪና በደሌን አልፎ ያዮ ሳይደርስ ጭቃ ውጦታል። ሾፌሩ «ዝናብ ካልጣለ በሳምንት እደርሳለሁ» ብሎ ላከ። መልእክቱ መቱ በደረሰ በሰዓቱ ዝናቡ የሰማ ይመስል ወረደ። በዚያ ላይ ያቺ ውሸት አለች። «የዛሬ ነው» ብሏል። ጥቅምት አሥራ ሦስት ላይ። አሥራ አንድ ላይ ባዶ ጆንያ ያስረከበ ሰው አሥራ ሦስት ላይ በምን መታ? ግራዝማች ቁጭ ብለው አንድ ጊዜ ቢያስቡት አለቀ። ደግነቱ ግራዝማች ቁጭ ብለው የሚያስቡ ሰው አልነበሩም፤ የሚያስቡት በበቅሎ ላይ ሆነው ነው። ዳምጤ ግን በቅሎ ባየ ቁጥር ቀኖቹን በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

ጥቅምት አሥራ አምስት ጠዋት ወደ ሥራው ሲመጣ ሠራተኞቹ ከአጥሩ ሥር ተሰብስበው ቆመዋል። አንድም ሰው አካፋ አልያዘም።

«ምንድን ነው?»

«ይስሙት» አለው ያደታ፣ ከቡኬት አቡኪዎቹ አንዱ።

ሰማ። ጆንያዎቹ ያጉረመርማሉ። ዳምጤ ቀስ ብሎ ቀረበና የአንዱን ጫፍ ገለጠ። ባዞላው ጠቁሯል። ሲያስተውለው ንብ ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ንብ ለብሶታል። ሁለተኛውን ገለጠ፤ እሱም ንብ ነው።

«ይሄ ደህና ነገር አይደለም ጋሼ» አለ ያደታ። «ንብ አበባ ጥሎ ድንጋይ ሲቀስም የት ታየ? የሆነ ሰው ሊሄድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።»

«የት ነው የሚሄደው?»

ያደታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ዳምጤም ደግሞ አልጠየቀም፤ በዚያ ሰሞን እሱ የሚያውቀው መሄጃ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ግንቡ ረጅም ነው። ረፋድ ላይ ወሬው ገበያ ደረሰ። በዚያ የሚያልፉ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው እያማተቡ ፈጠን ፈጠን ይላሉ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሆዴን፣ ራሴን እያሉ ተበተኑ።

ዳምጤ ብቻውን ቀረ። ሲፈራ ሲቸር ንቡን እያየ ሳለ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ንቡ የሰፈረው በመጀመሪያው ቀን ባዞላዎች ላይ ብቻ ነው። አጠገባቸው፣ አንድ ክንድ እንኳ በማይርቅ ቦታ ተደርድረው ያሉትን የሁለተኛውን ቀን አንዲት ንብ አልነካቻቸውም። ግራ ቀኙን አየ፤ ሰው የለም። ተንበረከከና አንዱን አሸተተው። ከዚያ፣ እግዜር ይይለት፣ ምላሱን አውጥቶ ላሰው።

«ጋሼ ዳምጤ» አለች ሽብሬ ከኋላው። «ርቦዎት ነው?»

ብድግ አለ። ሲሚንቶው ምላሱን ልጦት አፉ በእሳት ይነድዳል። «ውዛ» አለ፤ ውሃ ማለቱ ነው። ተጉመጠመጠና ከአሸዋው ክምር አጠገብ የቆመውን የውሃ በርሜል በጣቱ አሳየ። «ይሄ በርሜል ከየት ነው የመጣው?»

«ከባጫ። ከማር ነጋዴው። እርስዎ አይደሉ እንዴ ተዋሺ ያሉኝ?»

«አጥበሽዋል?»

«ደህና አድርጌ ነዋ።»

«እጣቢውንስ የት ደፋሽው?»

ሽብሬ እንደ እብድ አየችው። «የማር እጣቢ ይደፋል እንዴ?»

«ሽብሬ!»

«እኔ የያዮ ልጅ ነኝ ጋሼ። በአባቴ ቤት የማር ውሃ መሬት ላይ ከተደፋ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። ወይ ይጠጣል፣ ወይ ለሥራ ይውላል። ይሄኛው ቆርቆሮ ቆርቆሮ ስለሚል አልጠጣነውም። ታዲያ በመጀመሪያው ቀን በርሜሉን ውሃ ሙዪ አላሉኝም? እዚያው ላይ ሞላሁበት።» ድምጿ ቀነስ አለ። «ታች የረጋ ነበር። ሁለት ቅል ቢሆን ነው። ምነው፣ በእኛ አገር ደማ የምንለው ምን ያጠፋል? ማር እኮ ነው።»

ዳምጤ ማስትሮው ትዝ አለው። ያሰበው የዛሬ ሃያ ዓመት ጎሬ ላይ ያየውን ነው። አንድ ቀን ሠራተኛ ስኳር የበዛበት ሻይ ቡኬት ላይ ደፋ። ማስትሮው ባርኔጣውን መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው። «ስኳር! ሲሚንቶ ተኛ! ሲሚንቶ ተኛ!» እያለ ጮኸና ቡኬቱን ሁሉ ገደል አስጣለው። በዚያን ጊዜ ሠራተኞቹ ሁሉ ሲስቁ ዳምጤም ስቋል። አሁን ከሃያ ዓመት በኋላ ነገሩ ሳቅ አልሆነም። ሲሚንቶ ተኛ። የተኛ ይነቃል? ወይስ ማስትሮው በማያውቀው አማርኛ ሞተ ለማለት ፈልጎ ነው? ገደል ስላስጣለው ማንም ቆይቶ አላየውም።

«ጋሼ» አለች ሽብሬ። ጨዋታ ከፊቷ ላይ ጠፍቷል። «በዚህ ሰው ይታሰራል?»

«ይታሰራል።»

«እንግዲያው ልሂድና እኔ ነኝ ልበላቸው።»

«ምን ብለሽ? ማር ነው ብለሽ? ማን ያምንሻል! ዳምጤ ሲሚንቶውን ሸጦ በመበለት አሳበበ ነው የሚሉት። ያን ጊዜ የምንታሰረው ሁለታችንም ነን።» ጆንያውን መልሶ ለባዞላው አለበሰው። «ውሃ አምጪ። ከእንስራሽ። ያንን በርሜል ዓይኔ እንዳያየው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በየጠዋቱ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ባዞላዎቹን ይዳስሱ ጀመር። ውሃው ሲደጋገም ንቡ ተወው። አሥራ ስድስት ላይ ጣት ይገባል። አሥራ ሰባት ላይ ጣት ይገባል፣ ግን እየተግደረደረ። ግራዝማች በዚያ ያለፉ እንደሆነ ሽብሬ አስቀድማ ታያለች፤ እንስራዋን በኃይል ታስቀምጣለች፣ ዳምጤ ያንን ሲሰማ ከሁለተኛው ቀን ባዞላ አጠገብ ሄዶ ይቆማል። ግራዝማችም በዱላቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው «ይኸውልህ! ብረት!» ብለው ይሄዳሉ። እሳቸው ብረት ባሉ ቁጥር ዳምጤ የሚታየው የእግር ብረት ነው።

አሥራ ስምንት ላይ ጣት አልገባ አለ፤ ጥፍር ግን ይጭረዋል። አሥራ ዘጠኝ ላይ የዳምጤ ጥፍር ተሰበረ። በሕይወቱ ጥፍሩ ተሰብሮ ደስ ያለው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ደስታው ግን እስከ ቀትር አልቆየም። በካዞላው እጀታ ሲያንኳኳቸው ደህናዎቹ እንደ ደወል ቅጭል ይላሉ፤ የማሮቹ፣ የመጀመሪያው ቀኖቹ፣ ዱብ ይላሉ። ላያቸው ነቅቶ ሆዳቸው ተኝቶ እንደሆነስ? አንዱን ጥሎ መሞከር ነበር። አነሣው፤ እስከ ደረቱ አደረሰው። ቢሰበርስ? ከተሰበረ ሁሉንም ያውቃል ማለት ነው። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ለምን አልጣሉትም?» አለች ሽብሬ።

«ይቆጠራል» አለ። አላመነችውም፣ ግን ተወችው።

ንቡ መሄዱን የሰሙት ሠራተኞች ተመለሱና ሃያ ላይ ማንጠፍ ተጀመረ። ጭቃው ተጠርጎ ወጣ፤ መሬቱ በጠጠር ተጠቅጥቆ አሸዋ ተነጠፈበት፤ ሲባጎ ከአውራ ጎዳናው እስከ ደጃፉ ተወጠረ። ዳምጤ ተንበርክኮ እየሄደ እያንዳንዱን ባዞላ ያስቀምጣል፣ በእንጨት መዶሻ መታ መታ ያደርገዋል፣ ውሃ ልኩን ያስተኛበታል። አራት አራት እየሆነ ወደ ፊት ይሄዳል። ያሰበው የማሮቹን ወደ መንገዱ በኩል፣ ሰው ቶሎ በሚያልፍበት፣ ደህናዎቹን ደግሞ ደጃፉ ላይ ሊያደርግ ነው። አስቦ ሳይጨርስ በቅሎዋ መጣች።

«እነዚያ ለስላሳዎቹ» አሉ ግራዝማች በዱላቸው እየጠቆሙ፤ የማሮቹ ሳይጠኑ ብዙ ስለ ቆዩ ከሁሉም ይበልጥ ለስልሰዋል። «እነሱ ደጃፉ ላይ ይሁኑ። እሳቸው ቆመው ሰላምታ የሚቀበሉት እዚያ ነው።»

«ጌታዬ፣ እነዚህኞቹም እኮ…»

«ምነው? እነዚያ ጉድለት አለባቸው?»

ዳምጤ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየ። ዲንቃ ከማዶ ሳንቃ ተሸክሞ ያልፋል።

«የለባቸውም» አለ።

እንደ ተባለው አደረገ። ጣት ያለበትን ግን አላስቀመጠውም። ሊደፍነው አንድ ማንኪያ ሲሚንቶ አጥቶ እንዲሁ ጠንቶበታል፤ ጠባሳው እንኳ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከአዳራሹ ጀርባ በጆንያ ጠቅልሎ ሸሸገው። ሃያ ሁለት ላይ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ከደፉ ሥር አንዲት ቀዳዳ ቀረች። ከሁለተኛው ቀን የተረፈችውን የመጨረሻዋን ደህና ባዞላ አምጥቶ ጨረሰባት። በቅሎዋ ስትመጣ ሰምቶ ነበርና እጁ ተጣደፈ፤ ሥሯ ያለውን አሸዋ ማስተካከሉን አላስታወሰም።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶቹ ለነገው ሰልፍ ሊለማመዱ መጡ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ጫማቸው ሥር ምስማር አለው። ዳምጤ ይህን አልሰማም ነበር። ግራዝማችና ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ደጃፉ ላይ በጠቅላይ ገዢው ቦታ ቆሙ። ዳምጤ ከምሰሶው ኋላ ገባ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ዲንቃ አለ፤ ሥራውን ትቶ መጥቶ ቆሟል።

«ወደ ፊት፣ ሂድ!»

ከመንገዱ ጀምረው መጡ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ደህናዎቹን ጨረሱ። የማሮቹ ላይ ወጡ። ዳምጤ የሚቆጥረው በልቡ አልነበረም፤ ልቡ ራሱ ነበር የሚቆጥረው። የመጀመሪያው ተራ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ አምስተኛው አለፈ። ደጃፉ ደረሱ።

«ቁም!»

አሥራ ሁለት እግር ባንድ ላይ ወረደ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዳምጤ ዓይኑን ጨፈነ። ጨፍኖም የታየው ቀለም የነካ የራሱ ጣት ነው።

«ተሰበረ!» አሉ ግራዝማች።

ሲቀርብ አየው። ያቺ የመጨረሻዋ ደህና ባዞላ ናት፤ ከመሃል ለሁለት። በዙሪያዋ ያሉት የማሮቹ አሥራ ሁለት ቡትስ ተሸክመው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ የለባቸውም። ስብርባሪውን አነሣ፤ ሥሩ ያለው አሸዋ ጎድጓዳ ነው። የገዛ ፍርሃቱ የተወው ጎድጓዳ።

«ሌላ አለህ?» አሉ ግራዝማች። ድምፃቸው የሊቀ መንበር አልነበረም፤ ቀጥኗል።

«የለ…» ከማለቱ ሽብሬ «አለ» አለች።

«ሽብሬ!»

«አለ። ከኋላ ነው።» ያደታን ጠርታው ሄደች፤ ጆንያውን ገፍፈው፣ ሁለት ሆነው ይዘውት መጡ።

ዳምጤ ተንበረከከ። በዚህ ጊዜ አልተጣደፈም። አሸዋውን ሞላ፣ ጠቀጠቀ፣ ውሃ ልኩን አስተኛ፣ ባዞላውን አስቀመጠና በመዶሻው መታው። ቅጭል አለ። እንደ ደወል። እንደገና መታው፤ ቅጭል አለ። ጆሮውን አላመነም።

«አንተ፣ ቁምበት» አሉ ግራዝማች ከፖሊሶቹ ሁሉ ለግዙፉ። ፖሊሱ ወጣበት፤ አንድ ጊዜ ዘለለ፤ ሁለተኛ ጊዜ ዘለለ። ባዞላው ንቅንቅ አላለም። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ፖሊሱ ወርዶ ወደ ሰልፉ ሲመለስ ግራዝማች ጎንበስ አሉ።

ብዙ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ዘረጉና ጎድጓዳው ውስጥ አስገቡት። ልክ ነው። ጠባሳው ከጠባሳው ገጠመ።

«ይሄ የኔ ጣት ነው» አሉ።

ጣታቸውን አወጡት።

«በአሥራ ሦስት ነው የነካሁት። የዛሬ ነው አልከኝ።» ቀና አሉ። ግራዝማች በእግራቸው ቆመው ሲያስቡ የታዩት ያን ቀን ነው። «ባዶ ጆንያውን ያስረከብከኝ በአሥራ አንድ ነው። በአሥራ ሦስት ታዲያ በምን መታኸው?»

ዳምጤ ዲንቃን አየው። ዲንቃ አጥሩን በሁለት እጁ ይዟል።

«ዋሽቼዎታለሁ ጌታዬ» አለ። «የዛሬ አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ነው። ሳይጠና ዘገየብኝና ፈራሁ።»

«አሁንስ ጠንቷል?»

«ጠንቷል… መሰለኝ።»

«መሰለኝ?» ግራዝማች ወደ ደጃፉ፣ ወደ ረጅሙ ለስላሳ መንገድ፣ ወደ አሥራ ሁለቱ ፖሊሶች ዓይናቸውን አዞሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ፍርሃቱ ከዳምጤ ወደ እሳቸው ሲሻገር ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። «ነገ ጠዋት እሳቸው እዚህ ላይ ነው የሚቆሙት። እዚህ ላይ! ቢሰነጠቅ ማንን ነው የምጠይቀው?»

ሽብሬ እንስራዋን አንሥታ ወደ ጀርባዋ እያዞረች ባዞላው ላይ የቀረውን የግራዝማችን ጣት ምልክት ቁልቁል አየች።

«የፈረመውን ነዋ፣ ግራዝማች» አለች። «ጣቱ እዚያው አለ።»